አራቱም ጎማ ይጎትታል ወይ?

ባለፈው የመስቀል ሰሞን አሮጊቷ ኮሮላዬ ከእምድብር አለፍ ብላ ጭቃ ውስጥ ቀረች። ከአዲስ አበባ በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ ድረስ ያለው 155 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ነው። ከወልቂጤ እስከ እምድብርም እንዲሁ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ወደ ቀዬአችን የሚያስገባው 11 ኪሎ ሜትር ነው። ክረምቱ ጠቅልሎ ስላልወጣ መንገዱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የመንደሩ ወጣቶች በጆንያና በድንጋይ ታግለው ባያወጧት ኖሮ በዓሉን የማሳልፈው መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ለጉልበታቸው የጠየቁኝን ከፍያለሁ፤ ዋጋው መጠነኛ ነበር ለማለት ግን ይከብደኛል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የክትፎ ማወራረጃ ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር። በበዓሉ ማግስት ግን የእናቴ የደም ግፊት ተነሳና ወደ አጣጥ ሆስፒታል መድረስ ነበረባት። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ኮሮላዋን ከጀፎረው ማስወጣት አልተቻለም። የ78 ዓመት አዛውንት በጎረቤት ትከሻ በቃሬዛ ወጥታ፣ እህል የጫነ አይሱዙ እስኪመጣ ድረስ ሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ጠበቅን። እናቴ አሁን ደህና ናት። እኔ ግን መንገድ ዳር የተቀመጥኩባትን ያቺን ሦስት ሰዓት እስካሁን አልረሳኋትም።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ለባለቤቴ የነገርኳት የመጀመሪያ ነገር «ፎር ዊል መኪና መግዛት አለብን» የሚል ነበር። እሷም የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «በምን ብር?»

ያለን ብር የዘጠኝ ዓመት ቁጠባ ነው። ከፊሉ በመሥሪያ ቤታችን የብድርና ቁጠባ ማኅበር የተጠራቀመ፣ ከፊሉ ባለቤቴ ከወጣላት ዕቁብ የተቀመጠ፣ ቀሪው ኮሮላዋ ስትሸጥ የሚገኝ ነው። ባለቤቴ ይህን ብር የምታውቀው «የልጆቹ ትምህርት» በሚል ስም ነው። የባንክ ብድርን ተስፋ ማድረግ ዋጋ የለውም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ካስቀመጠ ወዲህ፣ ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢደረግም፣ አሮጌ መኪና ለመግዛት ብድር የሚለምን ደመወዝተኛ የወረፋው መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ውሳኔው የጥሬ ገንዘብ ውሳኔ ነው። ከተሳሳትን የምንሳሳተው በልጆቻችን ብር ነው።

ይህ የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባልወጣ ነበር። ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓት ላይ የሚነሳውን ጨዋታ ያዳመጠ ሰው ጥያቄው የብዙዎች መሆኑን ያውቃል። ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ የሒሳብ ባለሙያውም ያለውን ሁሉ አራግፎ ከልጁ በዕድሜ የሚበልጥ መኪና ይግዛ ወይስ ይጠብቅ የሚለውን ያወጣል ያወርዳል።

ደላላው ያሳየኝ መኪና እ.ኤ.አ. የ2007 ሥሪት ቶዮታ ራቭ ፎር ነው። ሞተሩ 2,000 ሲሲ፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ፣ ቀለሙ ብርማ። የተጠየቀው ዋጋ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ነው፤ «ትንሽ የምትቀነስ አላት» ተብያለሁ። ይህ መኪና ከፋብሪካ በወጣበት ዓመት አንደኛ ክፍል የገባ ሕፃን ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ፈላጊ ሆኗል። የሚገርመው ደላላው ስለ ሞተሩ የነገረኝ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ መሆኑ ነው። ስለ ዶላር ግን ግማሽ ሰዓት አስረዳኝ። ቆይቼ ሳስበው ሰውዬው ትክክል ነበር። የአሮጌ መኪና ዋጋ በአገራችን የሚወሰነው ኮፈኑ ሥር ባለው ነገር መሆኑ ከቀረ ሰንብቷል።

እንደሚታወቀው በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012ን አጸደቀ። በዚህ አዋጅ ከ1,300 ሲሲ ያልበለጠ አዲስ መኪና የሚከፍለው ኤክሳይዝ ከ30 ወደ 5 በመቶ ሲወርድ፣ ያገለገሉ መኪኖች ግን እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው ጉልበት እየተመደቡ እስከ 500 በመቶ እንዲከፍሉ ተደረገ። የ500 በመቶው ረድፍ የተያዘው ከሰባት ዓመት በላይ ላገለገሉና ከ1,800 ሲሲ በላይ ለሆኑት ነው። ራቭ ፎሯ በአዋጁ ማግሥት ጅቡቲ ወደብ ላይ ብትገኝ ኖሮ የምትሰለፈው እዚያ ረድፍ ላይ ነበር። በሌላ አነጋገር መቶ ብር የሚገመት ዕቃ ቢያንስ አምስት መቶ ብር ኤክሳይዝ ይከፍላል፤ የጉምሩክ ቀረጡ፣ ቫቱና ሱር ታክሱ ገና ሳይቆጠሩ።

የአዋጁ ምክንያት የሚያጠያይቅ አልነበረም። ሌላ አገር ዘመኑን የጨረሰ መኪና እኛ ከተማ እየመጣ ጭሱን ይለቃል፣ አደጋ ያደርሳል፣ በመለዋወጫ ስም የውጭ ምንዛሪ ይበላል። በዓላማው ላይ ጠብ የለኝም። ነገር ግን አዋጁ የተናገረው ገና ለሚገቡት እንጂ አገር ውስጥ ላሉት አልነበረም። በር ሲዘጋ ደግሞ ቀድሞ የገባው ይከበራል። ሕጉ አሮጌ መኪናን ሊቀንስ ተነስቶ፣ ግቢ ውስጥ የቆመውን አሮጌ መኪና ወጣት አደረገው።

ከዚያ በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። የተሰጠው ምክንያት ለነዳጅ ግዢ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። በዚህ ጊዜ አዋጁ በጥቂቱ ገርበብ አድርጎት የቆየው በር ጨርሶ ተዘጋ። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ያለው ተሽከርካሪ፣ የጭነቱም የሕዝብ ማመላለሻውም አንድ ላይ ተደምሮ፣ ከአንድ ሚሊዮን ብዙም የማይርቅ ነው። በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና የሚፈልግ ሁሉ ከዚያች ክምችት ውስጥ መሻማት ግድ ሆነበት።

ወራት ሳይቆይ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መኪና ባይገባም መለዋወጫው ይገባልና፣ የዘይት ፊልትሮ ከሚሸጠው ጀምሮ ሁሉም በአዲሱ ተመን ማሰብ ጀመረ። የመኪና ባለቤት ደግሞ «ይህን ብሸጥ በምን እተካዋለሁ?» ብሎ ይጠይቅና ራሱ የሚመልሰውን መልስ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል።

በዚህ ሁሉ ላይ የብራችን ነገር አለ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ የሆነባቸው ወራት ብዙ ነበሩ። የቁጠባ ሒሳብ ወለድ ግን መነሻው 7 በመቶ ነው። ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሲከስር፣ መኪና የገዛ ሰው ሠርቶበት፣ ልጆቹን አመላልሶበት፣ ከገዛበት በላይ ሸጠው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በ2012 «አዋጁ ይሻሻላል፣ ዋጋው ይወርዳል» ብሎ መጠበቅ ጀመረ። አሁንም እየጠበቀ ነው፤ ያኔ ቪትዝ ይገዛለት የነበረው ብር ዛሬ የቪትዝ ግማሽ አይገዛለትም። ስለዚህ «አሮጌ መኪና በዚህ ዋጋ መግዛት ዕብደት ነው» የሚሉ ሰዎች እስካሁን በተከታታይ መሸነፋቸውን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሩጫ የሮጠው መኪናው አልነበረም። 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ብሩ ውስጥ ስንቱ የብረቱ ዋጋ ነው? ስንቱስ የአዋጁ፣ የክልከላውና የምንዛሪው ዋጋ ነው? በእኔ ግምት ትልቁ ድርሻ የኋለኛው ነው። በአንድ መግለጫ የተሰቀለ ዋጋ ደግሞ በሌላ መግለጫ ሊወርድ ይችላል። ክልከላው ይነሳል እያልኩ አይደለም፤ የሚነሳ አይመስለኝም። ነገር ግን ሳይነሳም የኤሌክትሪክ መኪናው ዋጋ በረከሰ ቁጥር፣ የነዳጁ ደግሞ በናረ ቁጥር፣ ሁለት ሺህ ሲሲ ሞተርና አራት የሚነዱ ጎማዎች ያሉት አሮጌ መኪና ከሌሎቹ ቀድሞ ይመታል። የዋጋ ንረቱ በ2017 ረገብ ማለቱም መዘንጋት የለበትም። ብር የሚሸሸግበት ዕቃ ፍለጋው ሲቀዘቅዝ፣ መሸሸጊያ የነበረው መኪና ተመልሶ መኪና ይሆናል።

ወደ ነዳጁ ልምጣ። መንግሥት ድጎማውን ማንሳት በጀመረበት ሐምሌ 2014 የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በጥር 2017 ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። እኔ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በወር 26 ቀን እነዳለሁ። ኮሮላዬ በአዲስ አበባ ትራፊክ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ራቭ ፎሯ 8 ብትሄድ በጎ ነው። ይህ በወር የ43 ሊትር ልዩነት ነው። በጥር 2017 ዋጋ እንኳ ቢሰላ በወር 4,400 ብር፣ በዓመት ከ52 ሺህ ብር በላይ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ልዩነቱ ሁሉ ከፎር ዊሉ የመጣ አይደለም። ክብደቱ፣ ሞተሩና አውቶማቲክ ካምቢዮውም ድርሻ አላቸው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ከባድ መኪና ከእንጦጦ ሥር ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ጩኸት ከዚህ የመጣ ነው። ነዳጅ ሰልፉን፣ በሞባይል የመክፈሉን ጣጣ አላነሳም።

አሁን ደግሞ ዋናው ነገር፣ «ፎር ዊል» የምንለው ምንድን ነው? በደላላ አፍ ሁሉም አንድ ነው። በመካኒክ አፍ ግን ቢያንስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ድሮዋ ቪታራ፣ እንደ ሃይሉክስና እንደ 70ዎቹ ላንድክሩዘር ያለው ነው። በተለመደው ጊዜ የኋላ ጎማዎች ብቻ ይነዳሉ፤ ጭቃ ሲመጣ ሾፌሩ በማርሽ ወይም በቁልፍ የፊቶቹን ያስገባል። ይህ ዓይነቱ ጠንካራና ቀላል ነው፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን በአራቱ አስገብቶ መንዳት አይፈቀድም። መኪና ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል ርቀት አይሄዱም። አስፋልቱ ጎማውን አላንሸራትት ሲል ትግሉ ወደ ጥርሳጥርሱና ወደ ዘንጉ ይገባና ይሰብረዋል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ቀለበት መንገድ ላይ «በፎር ዊል» የሚነዱ ወዳጆቼ ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

ሁለተኛው የራቭ ፎሯ ዓይነት ነው። የ2007 ሥሪቷ ራቭ ፎር በተለመደው ጊዜ የምትሄደው በፊት ጎማዎቿ ነው። የፊቱ ጎማ ሲንሸራተት ኮምፒውተሩ ይህን ያይና የኋላው ዲፈረንሻል አጠገብ ባለ በኤሌክትሪክ በሚጨብጥ መያዣ አማካይነት ኃይሉን ወደ ኋላ ይልካል። «ሎክ» የሚል ቁልፍም አለው፤ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ራሱ ይለቃል። ለዝናብ፣ ለጠጠርና ለመጠነኛ ጭቃ በጣም ጥሩ ነው። ችግሩ ከዕድሜ ጋር ይመጣል። መሣሪያው የጎማዎቹን የመዞር ፍጥነት እያወዳደረ ነው የሚሠራው። አራቱ ጎማዎች በመጠንም በመበላትም እኩል ካልሆኑ፣ ልዩነቱን እንደ መንሸራተት ይቆጥረውና ሳያስፈልግ ሲጨብጥ ሲለቅ፣ ሲግል ይኖራል። የእኛ አገር የጎማ ልማድ ደግሞ የታወቀ ነው። አንዱ ሲያልቅ አንዱ ይገዛል፤ ብር ሲገኝ ሁለት። አራቱን በአንድ ጊዜ የሚቀይር ሰው ወይ ሀብታም ነው ወይ የመሥሪያ ቤት መኪና ነው የሚነዳው።

ሌላው ደግሞ ብዙ ሰው ፎር ዊል ፍሬን ላይም የሚረዳ ይመስለዋል። አይረዳም። ለመነሳትና ለመውጣት ያግዛል እንጂ ለመቆም አንዳች አይጨምርም፤ ማንኛውም መኪና የሚቆመው በአራቱም ጎማ ነው። ቁልቁለት ላይ በጭቃ የሚያድነው ጥርሱ ያላለቀ ጎማና የሾፌሩ እርጋታ ነው።

የወረቀቱን ምርመራ በአጭሩ ልለፈው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር፣ ዕዳና ዕገዳ እንደሌለበት ከተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ማጣራት፣ ቀብድ ከመስጠት በፊት ውልና ማስረጃ የሚቀርበው ሰው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ራሱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ መሆኑን ማየት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማመን አያስፈልግም፤ 18 ዓመት የሄደ መኪና 96 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲያሳይ ፈገግ ብሎ ማለፍ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ራቭ ፎሯን ይዘን ከእኔ መካኒክ ዘንድ ሄድን። ሰውዬው ኮሮላዬን ለዓመታት ያከመ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። መጀመሪያ ሞተሩን ቀዝቃዛ እንደሆነ አስነስቶ ሰማው። ዘይቱን አየ፣ የራዲያተሩን ውኃ አየ። ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ ቀስ እያለ በክብ ነዳው። እንዲህ ሲነዳ መኪናው ከተያዘ፣ ከተንገጫገጨ ወይም ጎማው ከጮኸ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ተጣብቋል ማለት ነው። ራቭ ፎሯ ግን እንደ ቅቤ ዞረች። ደላላው በኩራት አየኝ። መካኒኩ ግን «በጣም ለስልሳለች» አለና ጉድጓዱ ላይ አቆማት።

ጎማዎቿን አይቼ ነበር። ሁለቱ የቻይና ሥሪት፣ አንዱ የጃፓን፣ አራተኛው ስሙ የማይነበብና ጥርሱ ያለቀ። «ቢያንስ አራት ጎማ እገዛለሁ» ብዬ ከዋጋው ላይ የማስቀንሰውን በልቤ እያሰላሁ ሳለ መካኒኩ ከጉድጓዱ ውስጥ ጠራኝ።

«ይህች መኪና የኋላ ዘንግ የላትም» አለኝ።

ወርጄ አየሁ። ከካምቢዮው ተነስቶ በመኪናዋ ሆድ ሥር ወደ ኋላው ዲፈረንሻል የሚያልፈው ረጅሙ ዘንግ መኖር የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። የተፈታበት ቦታ ላይ ያለው ዝገትና አቧራ ሥራው የትናንት እንዳልሆነ ይናገራል። «ሎክ» የሚለውን ቁልፍ ስንጫነው ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ በደንብ ይበራል። ኃይሉ ግን የትም አይደርስም።

ደላላው ብዙም አልደነገጠም። «ጋሼ፣ ባለቤቱ ነዳጅ እንዳይበላባቸው ብለው ነው ያስፈቱት። መሐል ላይ ያለው ኩሽኔታ ይጮህ ነበር መሰለኝ። ዘንጉ እንደሆነ ሶማሌ ተራ ሞልቷል።» በኋላ ባለቤቱን በስልክ አነጋገርኳቸው። ጨዋ ሰው ናቸው። እሳቸውም መኪናዋን የገዙት ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ ዘንግ እንደሌላት ከእኔ መስማታቸው መሆኑን ሲነግሩኝ አመንኳቸው። አራት ዓመት ሙሉ ፎር ዊል መኪና እየነዱ እንደሆነ ያምኑ ነበር። ክረምት አልፏል፣ ደብረ ዘይትና አዋሳ ተመላልሰዋል፣ አንድም ቀን አልጎደለባቸውም።

ከዚያ በኋላ ስለ ውሳኔዬ ሳስብ የመጣልኝ እናቴ ሳትሆን እኚህ ሰው ናቸው። በከተማችን ውስጥ ስንት ፎር ዊል መኪና ይኖራል፣ አራቱም ጎማው መጎተቱን ባለቤቱ በዓመት አንድ ቀን እንኳ የማያረጋግጠው? እኛ የምንከፍለው ለመጎተቱ ሳይሆን «ቢያስፈልግስ» ለሚለው ሥጋት ነው። ሥጋቱ ደግሞ ተጨባጭ መሠረት አለው። መንገዱ ተስፋፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 የመንገድ ልማት ፕሮግራሙ ሲጀመር 26,550 ኪሎ ሜትር የነበረው የአገሪቱ የመንገድ ርዝመት ዛሬ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ሆኖም የመጨረሻዋ 11 ኪሎ ሜትር አሁንም ጭቃ ናት። በሌላ በኩል ያለፉት ዓመታት ግጭቶች ከአዲስ አበባ በመኪና ወጣ ማለትን በብዙ አቅጣጫ አስፈሪ አድርገውታል። ፎር ዊል የገዙ ወዳጆቼ ክፍለ አገር የሚሄዱት በአውሮፕላን ነው፤ መኪናዋ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ትውላለች።

ኤሌክትሪክስ? ጠይቄያለሁ። ለከተማ ሥራዬ ከራቭ ፎሯ እንደምትሻለኝ አልጠራጠርም። መብራታችን በአብዛኛው ከውኃ የሚገኝ ነው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ቢሆንም፣ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከቤንዚን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን ለመስቀል ጉዞ ደርሶ መልስ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሐሉ ላይ ቻርጅ የማደርግበትን ቦታ ማንም አላሳየኝም። እናቴ ቤት ያለው መብራት ደግሞ እንኳን ለመኪና ለስልክም አይታመንም። የባትሪውን ዕድሜ ሳያስመረምሩ ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ደግሞ ዘንግ እንደሌላት ራቭ ፎር ነው፤ ያውም ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የማይታይ።

በመጨረሻ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ቀኖቹን ቆጠርን። ጭቃ ያለበት መንገድ ላይ በዓመት የምነዳው ለመስቀል አራት ቀን፣ ክረምት ላይ እናቴን ለማየት አራት ቀን፣ ለለቅሶና ለሠርግ ሁለት ሦስት ቀን ቢጨመር ከ11 አይበልጥም። በነዳጅ ልዩነቱ ብቻ የሚወጣው 52 ሺህ ብር ለእነዚያ ቀናት እምድብር ላይ ሾፌር ያለው ፒክአፕ ያከራያል፤ የጎማው፣ የመለዋወጫውና በዋጋ መውረድ የሚመጣው ሥጋት ሳይታሰብ። ገጠር ለገጠር የሚሠራ የእርሻ ወይም የጤና ባለሙያ፣ ወይም ኮንትራክተር ብሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። ያኔም ቢሆን የምፈልገው ራቭ ፎር ሳይሆን አሮጌ ሃይሉክስ ነው፤ በየወረዳው ያለ መካኒክ ይፈታዋል፣ ይገጥመዋል።

የእናቴ ጉዳይ ግን በዚህ ስሌት አይዘጋም። እሷ የታመመችው እኔ እዚያ በነበርኩበት ቀን መሆኑ አጋጣሚ ነው። በቀሩት 350 ቀናት ብትታመም የእኔ መኪና አራቱም ጎማው ቢጎትት እንኳ ቦሌ ቆሞ ምን ይፈይዳል? ይህን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር። ስለዚህ ለኮሮላዋ አራት አንድ ዓይነት ጎማ ገዛሁ። እምድብር ላይ ፒክአፕ ካለው ሰው ጋር ተነጋግሬ፣ እናቴ ወይም ጎረቤቶቿ በደወሉለት ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ እንዲደርስ ተስማማን፤ በየወሩ ጥቂት ብር እልክለታለሁ። እናቴ ክረምቱን አዲስ አበባ እንድታሳልፍ ብንለምናትም እንሰቷን ማን ይጠብቅልኛል ብላ እንቢ ብላለች።

ባለፈው ሐሙስ ደላላው ደወለ። «ጋሼ፣ ዘንጉ ተገጥሟል። ግን ዶላር ስለጨመረ መቶ ሺህ ከፍ ብላለች» አለኝ። ጎማዎቹስ ተቀየሩ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሁለቱ ተቀይረዋል አለ።